ጠጠር የምታኝከው መኪና

እትዬ፣ አባባ በሩን ከፈቱልኝ! ዛሬ፣ አሁን፣ ክላክስ ሳልነካ፣ ከመኪናዋ ሳልወርድ፣ ራሳቸው መቀርቀሪያውን ስበው ከፈቱልኝ! እየተጣደፍኩ ነው የምጽፍልሽ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

ይኸው ከደስታዬ ብዛት ሰላምታውንም ረሳሁት። ውድ እህቴ፣ ለመሆኑ እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ጋሼስ ሳላቸው ለቀቃቸው? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን ከዛሬ ወዲህ ነው። በስልክ አንጀትሽን አላሳርረውም ብዬ ዋጥ ያደረግሁትን አሁን ልዘርግፈው።

ሃይብሪዷን፣ ያቺን በባትሪም በቤንዚንም የምትሄደዋን መኪናዬን፣ እንደሸጥኳት ታውቂያለሽ። ባትሪዋ ስለደከመ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣ ነበር። በኮንትራት የማመላልሳቸውን ሠራተኞች ጠዋት ቢሮ አድርሼ የቀረውን ቀን ማደያ ሰልፍ ላይ መዋሉ አንገፈገፈኝና ለሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ሸጥኳት፤ በምትኩ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ገዛሁ። ግቢ ውስጥ እንደ ስልክ ሶኬት ላይ እሰካታለሁ፣ ጠዋት ጠግባ ትጠብቀኛለች። ድምፅ የሚባል አልፈጠረባትም። እንደ ሙሽራ እያሞጋገስኳት ሳመጣት፣ አባባ ላይ ምን መዘዝ ይዤ እየመጣሁ እንደሆነ አላሰብኩም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ዓይናቸው ጭራሽ ጠፍቶ የቀራቸው ሥራ በሩ ብቻ ነበር። ሃይብሪዷ ሜዳውን ዝም ብላ ትመጣና ዳገቱ ሥር ስትደርስ ሞተሯ ይነሳል። እሷ ማጉረምረም ስትጀምር አባባ ከበርጩማቸው ይነሱና ግድግዳውን ይዘው፣ በሩን ወለል አድርገው ይጠብቁኛል። በቤታችን ክላክስ የሚያሰማ እንግዳ ብቻ ነው። ባለቤቴ ዘበኛችን ሲላቸው ደስ ይላቸዋል፤ እንግዲያው ካፖርት ግዙልኝ ይሉታል።

በአዲሷ የመጣሁ ዕለት በሩ ዝግ ነው። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ ሲያቅተኝ ክላክስ አደረግሁ። አባባ ከውስጥ ማን ልበል አሉ። የገዛ አባቴ ማን ልበል አሉኝ፣ እትዬ! እየሳቅሁ እኔ ነኝ፣ ይቺ መኪና ድምፅ የላትም አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ኮፈኗን ዳሰሱና ፊታቸው ጠቆረ። ዓይኔን ተከትሎ ጆሮዬም ሄደ ማለት ነው አሉ። ኧረ የለም ብላቸው፣ ድምፅ የሌለው መኪና የት አገር ነው ያለው፣ እንደ ሕፃን አታባብዪኝ ብለው በርጩማቸውን አንስተው ገቡ።

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበልሽ። ኋላ ክፍል ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ሬዲዮውን ለማን ነው የምትከፍቱት ብለው አስጠፉት። ምግቡን ቀመስ አድርገው ይገፉታል። ባለቤቴ እውነቷን እኮ ነው ቢላቸው፣ ተማክራችሁ ነው አሉት። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ብወስዳቸው፣ ጆሮዎት ከእኔ የተሻለ ይሰማል አላቸው፤ እሱንም ተለማምጠሽው ነው አሉኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ደንቁረዋል ሲባል ሰምታ ልትጠይቅ መጣችና ጆሯቸው ሥር ቆማ እንዴት ዋሉ ብላ ጮኸችባቸው! አየሽ፣ ሰው ሁሉ አውቆታል አሉና ተከናነቡ። ባለቤቴ ግራ ቢገባው መኪናዋ ላይ ቃጭል አሰረ፤ ከብት ነው የምታስጠብቁኝ ብለው አስፈቱት።

እትዬ፣ በቁሜ ነው የሞትኩት። ለአባቴ የቀረቻቸውን አንዲት ነገር በገዛ እጄ ቀማኋቸው። በየቀኑ ወርጄ በሩን ራሴ ስከፍት፣ የበርጩማውን ባዶ ቦታ ሳይ፣ ተመልሼ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቅሳለሁ። ጋጋሪውን መኪናዬን መልስልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ዳቦ የማከፋፍለው በእሷ ነው፣ ምን ነካሽ አለኝ። ሸሚዛቸው እየሰፋ፣ አልጋው ላይ እያነሱ ሲሄዱ ዝም ብዬ ማየት ሆነ ሥራዬ።

ሰኞ ዕለት ዳገቱን ስወጣ የድሮዋ መኪናችን ዳቦ ጭና ከፊቴ እያጉረመረመች ትወጣለች። ቀና ስል የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አባባ በባዶ እግራቸው ቆመዋል። ከኋላ ክፍል፣ ከብርድ ልብስ ሥር ሆነው ሰምተዋት ነው! ጋጋሪው ግን ደህና ዋሉ ብሎ አለፈ። አልፋ ስትሄድ እጃቸው በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ለማንም አልተርክም። ጠጠሩ ላይ ቀስ ብዬ እየነዳሁ ደርሼ አጠገባቸው ቆምኩ። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉና፣ ማነው ጠጠር የሚያኝከው አሉ። እኔ ነኝ አባባ አልኳቸው። እስቲ ወደ ኋላ ሂጂና ነይ አሉኝ። ሄጄ መጣሁ። ደግሞ አሉኝ። ደግሜ መጣሁ። ለካ ጆሯቸው ሞተር ሲጠብቅ ጎማውን ንቆት ኖሯል! እውነትሽን ነው ለካ፣ ይቺ ሌባ መኪና ጠጠር እያኘከች ነው የምትመጣው አሉና ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

በርጩማው ቦታው ተመለሰ። ማክሰኞ ሳይሰሙኝ አመለጥኳቸው። ረቡዕ ለሰው ጋሪ ከፍተው ባለጋሪውን አስደነገጡት። ዛሬ አገኙኝ።

ደስታዬ ግን አያታልልሽ፣ እህቴ። እሳቸው ሲነሱ ጉልበታቸው አብሯቸው አልተነሳም። በሩን ከፍተውልኝ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ፤ ደግፌ ነው ያስገባኋቸው፣ ክንዳቸው የሕፃን ክንድ ሆኗል። ያ የጆሮ ሐኪም ያን ዕለት ልባቸውንም አስመርምሮ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ጆሯቸው ደህና ነው፣ የደከመው ልባቸው ነው፣ ብዙም አትጠብቁ ብሎኛል። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ዛሬ ትንፋሻቸው ሲመለስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ እሷስ የምትመጣው በምን ዓይነት መኪና ነው አሉኝ። አንቺን ነው። ድምፁን ቀድመው ሊያጠኑት ነው።

ጋሼን ሰላም በይልኝ። ትልቋ ልጅሽን ፈተናሽን እንዴት አደረግሽው በይልኝ፣ መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ አማትሽንም ሳትረሺ። ባለቤቴ አጥብቆ ሰላም ይላችኋል። አባባ ደግሞ ዘበኛው ሰላም ብሏል በይልኝ ብለዋል።

እህትሽ
ከዳገቱ ላይ፣ ዓርብ ከሰዓት

በምንም ኑ፣ ብቻ ዳገቱ ሥር ስትደርሱ ቀስ በሉ፤ ክላክስ እንዳታደርጉ፣ አንቺ እንግዳ አይደለሽም። አባባ ሁላችሁንም እንዲያገኟችሁ ያሰብነው ድግስ ከዚህ እሁድ ቀጥሎ ባለው እሁድ ነው፤ ከዚያ አይለፍ፣ ማንም አይቅር፤ እሁድ ረፋዱ ላይ፣ ሁላችሁም።