ስለ እትዬ ዓለምነሽ ቤትና ስለ ጠፉት ስምንት ዓመታት

ለተከበሩ የቤት ግምትና ግብር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ወገብዎ እንዳይጎብጥ፣ የራስዎም ቤት ግምት ባለበት እንዲረጋ ከነቤተሰቤ እመኛለሁ። ስሜ ጀማነህ ይባላል። አሜሪካ፣ ከኮሎምበስ ወጣ ብላ ባለችው ካናል ዊንቸስተር እኖራለሁ፤ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ በዕረፍቴ ቀን ደግሞ ለአገሬ ሰዎች ፎርም እሞላለሁ። ፎርም መሙላቴ ለዚህ ደብዳቤ መነሻ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቅርቡ «የቤት ግብር ሕጉ ሊሻሻል፣ ነዋሪውን የሚያጉላሉ ደንቦችም ሊቀነሱ ስለሆነ አስተያየታችሁን ስጡን» የሚል ወረቀት በየፖስታ ሳጥናችን ስላስቀመጡልን እጅ ነሥቻለሁ። ለአስተያየት የተተወልን ቦታ ሦስት መስመር ብቻ መሆኑም አላስቀየመኝም፤ ጊዜያችንን እንዳናባክን አስበውልን ነው ብዬ በበጎ ተርጉሜዋለሁ። ይሁን እንጂ እኔ ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር የሚፈጅ ሕዝብ ልጅ ስለሆንኩ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ በግልጽ መጻፍን መርጫለሁ። ጋዜጣው ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባሉ ሱቆቻችን በነጻ ይገኛል፤ ገማቾችዎ በዚያ ሲያልፉ ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት እንዲቀበሉ ማመቻቸት ይቻላል።

ጉዳዩ የእትዬ ዓለምነሽ ቤት ነው። እትዬ ዓለምነሽ ዋይትሆል ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ያላቸው፣ እስከ አምና ድረስ መጋዘን ቆመው ካርቶን ሲያሽጉ የኖሩ፣ ዘንድሮ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቤት የዋሉ ብቸኛ ሴት ናቸው። አዲሱ ግምትዎ ከደረሳቸው ወዲህ ግብሩ ከአቅማቸው በላይ ስለሆነባቸው ቤቱን ሸጠው የሰው ቤት አንድ ክፍል ሊከራዩ ወስነዋል። ለዚህ ላበቃቸው ጽሕፈት ቤትዎ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ገማችዎ የዓይን ብርታት። እኚህ ባለሙያ ከመኪናቸው ሳይወርዱ፣ የቤዝመንቱን እርጥበት ሳይሸቱ፣ በእትዬ ዓለምነሽ መኝታ ቤት ጣሪያ ሥር የተቀመጠውን ባልዲ ሳያዩ የቤቱን ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ስላወጡት አድናቆቴ ወሰን የለውም። ምክንያታቸውም በጽሑፍ ተገልጾልናል፤ ሁለት ቤት አልፎ ያለው ቤት በውድ ስለተሸጠ የእትዬ ዓለምነሽም ያንኑ ያህል ያወጣል ነው የተባለው። ይህንን ክርክር ለመንቀፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ችግሩ ያንን ቤት የሸጥኩት እኔ መሆኔ ነው። ገዢዎቹ ከጠየቅሁት በላይ በሰጡኝ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን በምስክርነት ሰዓት ተነሥቼ ጌታ ያደረገልኝን ተናግሬአለሁ፤ ከሁሉ በላይ እልል ያሉልኝም እትዬ ዓለምነሽ ነበሩ። የሚያናድደኝ ግምቱ መሆኑን ወይም እልልታው መሆኑን እስካሁን አለየሁም።

፪. ስለ አረጋውያን አክብሮታችሁ። ስልሳ አምስት ዓመት ለሞላው ባለቤት የግብር ቅናሽ እንዳለ ሰምቼ እትዬ ዓለምነሽን ይዤ መስኮታችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። እዚያ ያለችው ልጅ ወረቀታቸውን አይታ ፈገግ አለችና ገና ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ስለሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው እንዲመጡ፣ ለዕድሜያቸውም እጅግ ጥሩ እንደሚመስሉ ነገረቻቸው። በበትር ተደግፈው የቆሙት እትዬ ዓለምነሽ በመስታወቱ በኩል ስላልተሰማቸው ወደ እኔ ዞረው «ምን አለች?» አሉኝ፤ «ወጣት ነዎት አለች» አልኳቸው፤ «ታዲያ ጉልበቴን ኮል አድርጋ ትንገረው» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሴትየዋ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።

ወረቀቱ እንዲታረም ስንጠይቅም መስተንግዶአችሁ አልጎደለም። እናንተ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ላካችሁን፤ ያኛው የልደት የምስክር ወረቀት ጠየቀ፤ ሦስተኛው የተወለዱበት ሆስፒታል ማኅተም ያስፈልጋል አለ፤ አራተኛው ወደ እናንተ መለሰን። እትዬ ዓለምነሽ በተወለዱበት ቀዬ ያን ጊዜ ሆስፒታል አልነበረም፤ የነበረችው ጎረቤት ናት፤ እርሷም ማኅተም አልነበራትም፤ ከሞተችም ቆይታለች።

፫. ስለ ስህተቱ ባለቤት። በዚህ ቁጥር ሥር በመጀመሪያው ረቂቄ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ግድ የለሽ የቢሮ ሠራተኛ በሠራው ስህተት አንዲት እናት ዛሬም ይቀጣሉ፤ መቼ ነው ቢሮዎች ለጥፋታቸው ኃላፊነት የሚወስዱት?» በቃላቱ ረክቼ ለልጄ ለሔርሞን አነበብኩላት። ሔርሞን በአማርኛ የምትሰማ፣ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት። «ዳድ፣ ዊች ኦፊስ?» አለችኝ። የትኛው ቢሮ መሆኑን ነበር የጠየቀችኝ። እስከዚህ መስመር ድረስ እርስዎን ያደከምኩት የዚህን ጥያቄ መልስ ለማዘግየት ነው።

ክቡር ሆይ፣ እውነቱ እንዲህ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አዲስ አበባ፣ ፓስፖርት ከሚሰጥበት ቢሮ ማዶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ፎርም ሞይ ነበርኩ። ደንበኛ ሁሉ የትውልድ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ይነግረኛል፤ እኔ ስምንት ደምሬ በፈረንጅ እጽፋለሁ። በቀን መቶ ሰው ስለምሞላ መጠየቅ ትቼ እጄ ብቻውን ይደምር ነበር። እትዬ ዓለምነሽ ያኔ በአንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ፤ እንዳልቸገር ብለው ዘመኑን ራሳቸው አስልተው በፈረንጅ አቆጣጠር 1955 ብለው በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። እኔም እንደ ልማዴ ስምንት ደመርኩበት። ፓስፖርቱ 1963 የሚል ይዞ ወጣ።

ፓስፖርቱን ይዘው ሲመጡ ወዲያው ገብቶኛል። አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ከሥራ እንዳልባረር ፈራሁና «እትዬ፣ ይሄ የቢሮው ሰው ስህተት ነው፤ ማስተካከል ደግሞ ስድስት ወር ይፈጃል» አልኳቸው። አመኑኝ። የአሜሪካው ዲቪ ሎተሪ ፎርማቸውም ከዚያ ፓስፖርት ተገለበጠ፤ ደረሳቸውና መጡ። በሁለተኛው ዓመት እኔም ደረሰኝ፤ ኮሎምበስ ኤርፖርት የተቀበሉኝ እርሳቸው ናቸው፤ አሁን የገመታችሁት ቤት ቤዝመንት ውስጥ ሰባት ወር ያለ ኪራይ ያኖሩኝም እርሳቸው ናቸው። ማረፍ በሚገባቸው ዕድሜ ካርቶን ሲያሽጉ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከሥራ ሲወጡ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መኪናዬ ውስጥ ሲገቡ ያየሁትም እኔ ነኝ። በየጸሎቱ መጨረሻ «ያንን የቢሮ ሰው ይቅር በለው» ይላሉ። እኔም ከጎናቸው ሆኜ አሜን እላለሁ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ሁሌም አሜን ብያለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ውሸት ግን እያደር ከበደኝ። አፍሬአለሁ፤ ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ የእናንተን ድስት ሳማስል የእኔው ማረሩን ዘግይቼ አይቻለሁ። ቢሆንም የእናንተም ማረሩ አልቀረምና የማሻሻያ ሐሳቤን ላቅርብ። የቤት ዋጋ የሚገመተው ከመኪና ተወርዶ ይሁን፤ ጎረቤት ቤቱን በውድ ስለሸጠ በመንገዱ ላይ የቀረው አይቀጣ፤ ሆስፒታል ባልነበረበት የተወለደ ሰው ደግሞ ዕድሜው በሚያውቁት ሰዎች መሐላ ይታመንለት። የመጀመሪያው መሐላ ፈጻሚ እኔ ነኝ። የተሳሳተችው እጅ ይህችው ናት፤ ማኅተም የላትም፤ መፈረም ግን ትችላለች። መሐላዬን እስክትሰሙ ድረስ የእትዬ ዓለምነሽ ግብር እንዲቆይላቸው፣ ቤቱም ከእጃቸው እንዳይወጣ ያለ ምንም ሽሙጥ እለምናለሁ።

ለክብርዎ እስከ መሬት ዝቅ የምለው፣ ዝቅ ያልኩበትንም መሬት እንዳይገምቱብኝ የምማጸነው፣ መስኮታችሁ ከተከፈተ ሰዓት ጀምሮ ቁጥር ቆርጬ በትዕግሥት የምጠብቀው፣

ጀማነህ
የቀድሞ ፎርም ሞይ

ግልባጭ፦
ለእትዬ ዓለምነሽ
ዋይትሆል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእትዬ ዓለምነሽ ደጃፍ ባሉት ሦስት ደረጃዎች ላይ «ያለ ፈቃድ የብረት መደገፊያ ተተክሏል፤ ይነቀል» የሚል ማስጠንቀቂያ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ መሥሪያ ቤት ለጥፏል። የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ንድፍ፣ መሐንዲስና የአርባ ቀን ጥበቃ የሚጠይቀውን ፈቃድ ሳላወጣ በአንድ ከሰዓት ጨርሼዋለሁ፤ ቅጣቱ በእኔ አድራሻ ይምጣ። ከጋዜጣው በፊት የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለሁለታችሁም መሥሪያ ቤቶች ዛሬ አስገባለሁ፤ የምለምነው እስከ ቅዳሜ ድረስ እንዳይነቅሉት ብቻ ነው። ይህ ጋዜጣ ሱቆች የሚደርሰው እሑድ ነው፤ እኔ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ደረጃ ላይ ወጥቼ በሩን አንኳኩቼ ያ የቢሮ ሰው እኔ ነኝ እላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ የምይዘው ነገር ያስፈልገኛል።