ጋሽ ክፍሉ በጉባኤው ግድግዳ ላይ

አስመራ፣ ኖቬምበር 1995

ውድ ብርቅነሽ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ አጎትሽ ጋሽ መልአኩ ሰው አስከትለው፣ በማለዳ መጥተው፣ የአባትሽን መርዶ በወጉ አርድተውሻል። መርዶ በፖስታ አይላክም ብዬ አስቀድሜ ለእሳቸው ደወልኩ። እንዴት እንደተሰማ ግን ከእኔ ከጓደኛሽ መስማት አለብሽ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ።

አንድ የውጭ የኮምፒዩተር ኩባንያ እኛን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠራተኞችን ለጉባኤ ጠራን። ማስታወቂያው ላይ "የዓለም መረጃ ሁሉ በአንድ ማሽን" ብለው ጻፉበት። ከዚያማ ምን ልበልሽ! ወሬው ከፌርማታ ፌርማታ እየተቀባበለ ሰፈራችን ማይ ተመናይ ሲደርስ "የጠፋ ሰው የሚያገኝ ማሽን መጣ" ሆነ። ከነፃነት ወዲህ እዚህ ሰው ሠርግም ይሁን ስብሰባ የጠፋበትን ልጅ ፎቶ ሳይዝ አይሄድም፤ ምናልባት ከታጋዮቹ አንዱ ያውቀው ይሆናል ብሎ ነው። እናቴም እንደዚያው ናት። ወንድሜ ሃብተማርያም ሊታገል ሜዳ ከወጣ ጀምሮ ወሬው የለም። ሰው ሁሉ ቁርጡን አውቆ ዝም ሲል፣ እሷ ብቻ "ሞቱን ያየ ካልነገረኝ ሐዘን አልቀመጥም" ብላ ትጠብቃለች።

"እማዬ፣ ይህ የባለሙያ ስብሰባ ነው፤ ማሽኑ ሰው አይፈልግም" ብዬ ለመንኳት።

"ሰው ካላገኘ ታዲያ ምኑን ተማራችሁት?" አለችኝ። ተከትላኝም መጣች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኛ ከፊት፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ከኋላ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለእኛ ለባለሙያዎቹ ጥሩ ትምህርት ነበር። ለእናቶቹ ግን ማን ተጨነቀላቸው! የኩባንያው ሰውዬ ፎቶ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባውን መሣሪያ ሊያሳይ ብሎ "ፎቶ የያዘ አለ?" ሲል ያ ሁሉ እጅ ተነሣ። እናቴ ሁሉንም ቀደመቻቸው። የሃብተማርያም ፊት በፕሮጀክተሩ ግድግዳውን ሞላው። ሰውዬው እንዴት ጥርት እንዳለ እያሳየ ይስቃል፤ እናቴ ቆማ ትጠብቃለች።

"እሺ፣ አሁን የት ነው ያለው?" አለችው።

አስተርጓሚው አንገቱን ደፋ። እኔ በንዴት ተንጨረጨርኩ። ያን ማስታወቂያ የጻፈውን አንድ ጊዜ ባገኘው!

እናቴ ግን አልተቀመጠችም። ከጉያዋ ሌላ ፎቶ አወጣች፤ በሰማንያ ሦስት፣ ደርግ ሲወድቅ፣ ወደ መሃል አገር ስትሄዱ "አባቴን ያየ ካለ ጠይቁልኝ" ብለሽ አደራ የሰጠሽንን ነው።

"እማማ፣ ይሄ እኮ የደርግ መኮንን ነው!" ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

"ኣይፋል፣ አይደለም! አባት ነው። ልጁ ትጠብቀዋለች፤ አስገቡት" አለች።

አባትሽ ጋሽ ክፍሉ ከነማዕረጋቸው ግድግዳው ላይ ወጡ። ከፊት ረድፍ አንድ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ልጅ ተነሣ፤ ስሙ ንዋይ ነው፣ ታጋይ ነበር። "እኝህን ሰው እኔ ቀብሬአቸዋለሁ" አለ። እሱና ጓዶቹ ደቀምሐረ አጠገብ ቆስለው አገኟቸው። ውሃ ሰጧቸው፤ ጠጥተው አመሰገኑ፤ ሳይመሽ አረፉ። "በደንብ ቆፍረን ነው የቀበርናቸው፣ ድንጋይም ደርድረንበታል፣ ለልጃቸው ይህን ንገሪልኝ" ብሎኛል። ማልቀስ እንኳ አቃተኝ፣ ብርቄ።

አሁን ከተማው ሁሉ "ማሽኑ አገኘ" እያለ ያወራል። የእሱ ሥራ እንዳልሆነ ብናገር የሚሰማኝ የለም። በሚቀጥለው ጉባኤ ከዚህ የበለጠ ሰው ይመጣል ብዬ እፈራለሁ።

ንዋይ ቦታውን ሊያሳየን ቃል ገብቷል። በቻልሽ ጊዜ ነይ፤ ቤቱ ቤትሽ ነው፣ አብረን እንሄዳለን።

እናቴ ለአባትሽ ሐዘን ተቀምጣለች። ጎረቤቱ እየመጣ አብሯት ያለቅሳል። ትናንት ጠጋ ብዬ አዳመጥኳት። ደረቷን እየደቃች የምትጠራው ስም የጋሽ ክፍሉ አልነበረም።

እህትሽ ፍረወይኒ