የሠዓሊ ኮቢና ታዊያ ሥዕል ከአሥራ አንድ መደቦች ስለመውረዱ

ሴኮንዲ፣ ሰኞ ሰኔ 2 ቀን። ዛሬ ጠዋት አሥራ ዘጠኝ ጀልባዎች ገብተዋል። ከሰባ አራቱ የዓሣ ማጨሻ መደቦቻችን የተከፈቱት ሃያ ሦስት ናቸው፤ የቀሩት ባለቤቶች ስብሰባ ላይ ነበሩ። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም።

የሴኮንዲ ዓሣ አጫሾችና ሸራ ነጋዴዎች ማኅበር፣ የክብር አባሉ ሠዓሊ ኮቢና ታዊያ ባለፈው ወር በሰማንያ አንድ ዓመታቸው በማረፋቸው የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። ቀብራቸው የፊታችን ቅዳሜ ይፈጸማል።

ሠዓሊው የዓሣ አጫሽ ልጅ ነበሩ። በኩማሲ ሥዕል ተምረው፣ በ1969 በአክራ የመጀመሪያ ዐውደ ርእያቸውን አሳዩ። ሥዕሎቻቸው ሰውም ዛፍም የማይታይባቸው፣ ቀለምና የክንድ ውርወራ ብቻ የሆኑ ረቂቅ ሥራዎች ናቸው።

በ1971 ወደ ከተማችን ተመለሱ። ባሕሩ በሚያርፍበት ማክሰኞ፣ ጀልባ ስለማይወጣ፣ ያረጀ የጭነት መኪና ሸራ በወደቡ ሜዳ ላይ ዘርግተው በባዶ እግራቸው እየተራመዱበት ይሥሉ ነበር። መረብ የሚጠግኑ አባሎቻችን የጀልባ ቀለም ትርፍ ያቀብሏቸው ነበር።

በ1988 ሥራዎቻቸው በዳካርና በለንደን ታዩ። ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁት የሰርዲን ወቅት አልፎ እንደሆነ ነው።

በ1996 ትልቁን ሥዕላቸውን ለአዳራሻችን አበረከቱ። አዳራሹ ገና አልተሠራም ነበር። በተከታዩ ክረምት የወቅቱ ኮሚቴ ሥዕሉን ቀለም የተደፋበት ሸራ መስሎት ለአሥራ አንድ ቆርጦ የማጨሻ መደቦችን ጣሪያ አለበሰበት። ማኅበሩ ይህን ጥፋቱን በጽሑፍ ሲያምን ይህ የመጀመሪያው ነው። ሠዓሊው አይተው፣ «አክራ ውስጥ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያየኛል፤ እዚህ ግን ዝናብ አስጥላለሁ» ከማለት በቀር አልከሰሱንም።

ልጃቸው ወይዘሮ ኤኩዋ ሥዕሉ ተሰፍቶ የአስከሬን ሣጥናቸውን እንዲያለብስ ጠይቀዋል። የቤተሰቡ አለቃ ፓፓ ኢቦ አርሙ፣ ሥዕሉ እስከ ነገ ምሽት ሙሉ ሆኖ ካልቀረበ ከፋይ ጨርቅ ገዝተው እንደሚያለብሱ ነግረውናል። ዛሬ አሥሩ ባለመደቦች ተስማሙ። የዘጠነኛው መደብ ባለቤት ማሜ ኤፊ አልተስማሙም።

«በዚህ ዝናብ ጣሪያዬን ላውርድ? ሟች አይርበውም፣ እኔ ግን ልጆች አሉኝ» አሉ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ጆጆ ለአሥራ አንዱም መደቦች ከመጋዘኑ አዲስ ሸራ እንደሚያውስ አስታወቀ።

«ያንተ አዲስ ሸራ ያፈሳል ጆጆ፤ እኔው ነኝ የማውቀው!» አሉ ማሜ ኤፊ።

ተሳቀ። ወይዘሮ ኤኩዋም፣ «ማሜ፣ የርስዎ ቁራጭ መሐሉ ነው። ያለሱ አባቴ ቀዳዳ ለብሶ ነው የሚሄደው» አሉ።

ማሜ ኤፊም፣ «ይውረድ እሺ፤ ጥቀርሻው ግን አይታጠብም» አሉ።

ፓፓ ኢቦ ተቆጡ፦ «የኛ ሰው ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ይቀበር?»

«ሰማንያ ዓመት ዓሣ ሲሸት ኖሮ ዛሬ ሽቶ ይቀባ እንዴ ፓፓ? ሃያ ስምንት ዓመት ያጨስነውን አጥበህ፣ የኛን ድርሻ ልታጠፋው ነው?» አሉ ማሜ ኤፊ።

ወይዘሮ ኤኩዋ አይታጠብ አሉ። ፓፓ ኢቦም፣ «እሺ፣ ሙሉ ይሁን እንጂ» ብለው ተቀመጡ። ከቀብሩ በኋላ ሥዕሉ መጀመሪያ በተሰጠበት ዓላማ መሠረት በአዳራሻችን ይሰቀላል።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ኤኩዋ፣ ለቤተሰቡና ለሙያ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል።

ነገ ማክሰኞ ነው፤ ጀልባ አይወጣም። አሥራ አንዱ ባለመደቦች ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ሸራቸውን አውርደው ወደ ወደቡ ሜዳ ያምጡ፤ ዘጠነኛው በመጀመሪያ ይወርዳል። መረብ ጠጋኞች መርፌያቸውን ይዘው ይምጡ፤ ክሩን ጸሐፊው ያመጣል።