ፓምፕ ቤቱ ግሮሰሪ ሲሆን

ታኅሣሥ 20 ቀን 1999

ቀኑን ሙሉ ዝገት ስፍቅ ዋልኩ። የድሮው የውሃ ፓምፕ ቤት ከቀበሌ በኪራይ የኛ ሆነ። ማሽኖቹ ተነቅለው ተወስደዋል፤ ጭን ጭን የሚያካክሉት ቧንቧዎች ግን ግድግዳው ላይ እንዳሉ ናቸው። ወልደገብርኤል ለቁራሌው እንሽጣቸው ይላል። ባሌ እንዲህ ነው፣ ዐይኑ ያረፈበትን ሁሉ ካልሸጠ እንቅልፍ አይወስደውም። እምቢ አልኩ። አረንጓዴ ይቀባሉ። ፓምፑ የተቀመጠበት ሲሚንቶም ጥሩ ጠረጴዛ ይወጣዋል።

ጎረቤቴ ዙለይኻ በሩ አጠገብ ካለው ቦኖ ልትቀዳ መጥታ በመስኮት አየችኝ።

"ዕፀገነት፣ አቃቂን ውሃ ያጠጣ ቤት ቢራ ልታጠጪበት?" ብላ ሳቀች።

ጥር 5

ተከፈተ! የጨርቃ ጨርቁ ፈረቃ በሙሉ እኛ ጋ የገባ ነው የመሰለኝ። ዙለይኻ "እንኳን ደስ አላችሁ" ልትል መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጠማኝ አለች፣ ውሃ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ዞር ብዬም አላየኋት... እግሬ እስኪነቃ ስሮጥ አመሸሁ።

ጥር 6

ጠዋት ሳጸዳ በሩ ሥር አንድ ጃንቦ ሙሉ ውሃ። የዙለይኻ ነው። ምነው ሳትጠጣው?

ጥር 9

ዙለይኻ ጀሪካኗን ይዛ በራችንን አልፋ ታች ሰፈር ቦኖ ወረደች። የኛው እየፈሰሰ! ጠራኋት፣ አልሰማችም። ወይስ ሰምታ ነው?

ጥር 13

ጥምቀትም አለፈ። "እንኳን አደረሰሽ" ሳትለኝ የቀረችበት ዓመት ትዝ አይለኝም።

"ቀንታብሽ ነው" አለ ወልደገብርኤል። ዙለይኻ? ቅናት? ተናደድኩበት።

ጥር 14

ብርጭቆ ሳጥብ ገባኝ። ለዙለይኻ ውሃ በቢራ ጃንቦ! እቤቴ እኮ የሷ ሰሃንና ብርጭቆ ለብቻው ነው፤ እሷም ጋ የኔ። ምን ነካኝ? ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ...

ጥር 15

ሱቃቸው ሄድኩ። ባሏ ሀይረዲን አየኝና ወደ ጓዳ "ዙለይኻ፣ እንግዳ" አለ። እንግዳ! ይቺ ቃል አንጀቴን ቆረጠችው።

ይቅርታ ጠየቅኳት።

"እሱስ በግርግር ነው፣ ረሳሁት። ግን ዕፀዬ፣ ልጄን ሰልዋን ልድር ነው። አማቾቼ በዚያ መንገድ ነው የሚያልፉት። ግሮሰሪ በር ላይ ጀሪካን ይዤ ቆሜ ቢያዩኝ ምን ይላሉ?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ገና የከፈትሽውን ቤት እንዴት ላማርርብሽ?"

ጥር 18

ቧንቧ ሠሪው ቀጀላ ቦኖውን ወደ ጀርባው ግድግዳ አዞረው። ወልደገብርኤል ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

ጥር 21

ዙለይኻ ከጀርባ ስትቀዳ በግድግዳው ሰማኋት። ደንበኛ ድራፍት አዘዘኝ። ቀድቼ እስክወጣ ሄዳለች። አሁንስ እንዲህ ሆነን ልንቀር ነው?

ጥር 24

በጀርባ በር ጠራችኝ።

"ቅዳሜ ሰርግ ነው። ለእናንተ በግ ለብቻ ታስሯል። አራጁን አንቺው ይዘሽ ነይ። ድስቱም አዲስ ነው፣ ማንም አልነካውም።"

በዚያ ሁሉ የሰርግ ውክቢያ የኔን ድስት አልረሳችም። እኔ ግን አንዲት ብርጭቆ... ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጥር 26

"በቅዳሜ ግሮሰሪ ይዘጋል? አብደሻል?" አለ ወልደገብርኤል። አራጁ አንተ ነህ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ቢላ ሲስል ሰማሁት።

በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ "ዛሬ ዝግ ነው። ልጅ እንድራለን።"