ሁለተኛ ጊዜ እንድወድቅ ስለተፈቀደልኝ ዕድል

ለብሩህ ሐይቅ የጤና መድን ድርጅት፣ ለቅድመ ፈቃድ ክፍል፣
በስልክ እንጂ በዓይን ታይታችሁ ለማታውቁ ክቡራን ኃላፊዎች፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብታችኋል? የበላችሁት ይስማማችኋል? ረጅም ስብሰባ ላይ ከወንበራችሁ ሳትነሡ ትቆያላችሁ? እንዲያ ከሆነ እሰየው፤ በሰው አንጀት ላይ የሚወስን ሰው የራሱ አንጀት ደህና ሊሆን ይገባል።

እኔ ማርሊስ ኩልማን እባላለሁ፤ እዚህ ሺቦይገን፣ ዊስኮንሲን፣ ባንድ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሠላሳ አንድ ዓመት ኦርጋን ተጫውቻለሁ። ክሮንስ የሚባል የአንጀት ብግነት አለብኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ርካሹን ክኒን ሞክሬ አልሠራልኝም፤ ከዚያ በየስምንት ሳምንቱ የምወጋው፣ ከሕያው ሕዋስ የሚሠራ ውድ መርፌ ታዞልኝ እንደ ሰው መኖር ጀመርኩ። ባለፈው ጥር ባለቤቴ ሃሮልድ ጡረታ ሲወጣ የሚሠራበት ፋብሪካ ይከፍልልን የነበረው መድን ቀረና፣ እኔም ከነአንጀቴ ወደ እናንተ ተዛወርኩ። ስላደረጋችሁልኝ አቀባበል ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መርፌውን ከመፍቀዳችሁ በፊት ያንኑ ርካሽ ክኒን ወስጄ «መውደቅ»፣ ማለትም እንደማይሠራልኝ እንደገና ማስመስከር እንዳለብኝ ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ከዚህ ቀደም መውደቄን ለማስረዳት ብደውል፣ ትሕትናዋ የማይጓደል ሠራተኛችሁ ኬይሊን «ወይዘሮ ኩልማን፣ የወደቁት በድሮው መድንዎ ጊዜ ነው፤ እኛ ጋ ገና አልወደቁም» አለችኝ።

«ልጄ፣ አንጀቱኮ ያው አንጀት ነው» ብላት፣

«ይገባኛል እትዬ፤ ግን አንጀትዎ የኛ አባል የሆነው በጥር ነው» አለች።

አንጀቴን እንኳን ደስ ያለህ ብዬዋለሁ። የአባልነት ካርዱ ግን እስካሁን አልደረሰውም።

፪. የሐኪሜ ነርስ ቴሪ ስልሳ አንድ ገጽ ማስረጃ በፋክስ ሦስት ጊዜ ልካላችሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ «አሥራ አራተኛው ገጽ ጥሩ አይታይም» ብላችሁ ስለመለሳችሁ ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ። ገጹ የአንጀቴ ፎቶግራፍ ነው። ፋክሱ አልተበላሸም፤ መልኩ ነው።

፫. ጉዳዬን «እኩያ ሐኪም» ለምትሉት ለራሳችሁ ሐኪም ስላስመረመራችሁልኝ ውለታችሁ አለብኝ። ሐኪሜ ዶክተር ራማን አርባ ደቂቃ ስልክ ይዛ ጠብቃ ያገኘችው እኩያ የጆሮና የአፍንጫ ሐኪም ሆኖ ተገኘ።

«ክሮንስ... እሱ ወደ ታች ነው አይደል?» አላት።

«አዎ ዶክተር፤ ከጆሮ ብዙ ወረድ ይላል» አለችው።

እሱም አመስግኖ ከለከለ። ሙያውን አልንቅም፤ የጆሮ ሐኪም ይህን ያህል አለመስማቱ ግን ገርሞኛል።

ለሚቀጥለው ምስጋና ቁጥር አልሰጠሁትም፤ የኔ ሳይሆን የምእመናኑ ነውና። መርፌው ከቀረብኝና ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ቄስ ሊንድግሬን ወደ መጸዳጃ ቤት መመላለሴን አይተው አዝነው ከሃያ አምስት ደቂቃ የማያንሰውን ስብከታቸውን ወደ ዘጠኝ ደቂቃ አወረዱት። ሰላምታ ነፍገውኝ የኖሩ ሰዎች አሁን ያቅፉኛል። ከመዘምራኑ ዋልት የሚባለው ባለ ወፍራም ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «ማርሊስ፣ ባክሽ ቶሎ አትዳኚ» ብሎኛል።

የሆሳዕና ዕለት ግን የመዝሙሩ ሁለተኛ አንጓ መሀል ላይ ኦርጋኑን ጥዬ ሮጥኩ። ምእመናኑ የቀሩትን ሦስት አንጓዎች ያለ ኦርጋን እያንዳንዱ በመሰለው ቅኝትና ፍጥነት ዘምረው በየተራ ጨረሱ። ሚስስ ሃፍነር እኔ ስመለስ ገና አልጨረሱም ነበር። በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ተሰብስቦ ቁልፉን ሲጫኑት ራሱ መዝሙር የሚጫወት መሣሪያ አስመጣ። እስከ በዓለ ሃምሳ መርፌዬን ካላገኘሁ ወንበሬ የእሱ ይሆናል። ቄሱ «አይዞሽ ማርሊስ፣ ለጊዜው ነው» ብለውኛል፤ በኛ አዳራሽ «ለጊዜው» የገባው ምንጣፍ ግን ሃምሳ ዓመቱን ደፍኗል።

ስለዚህ አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ መውደቄ ካልቀረ በይፋ ልውደቅላችሁ። ከእናንተ አንድ ታዛቢ እሑድ ይምጣና ይመዝግብ፤ የፊተኛውን ወንበር አስይዤለታለሁ። ቡናና ኬክ አለ። መጸዳጃ ቤት አንድ ብቻ ስላለን ግን እቤቱ ተጠቅሞ ይምጣ።

የአባልነት ቁጥሯን ከልደት ቀኗ አስቀድማ የምታስታውስ፣ በስልክ መጠበቂያ ሙዚቃችሁ ውስጥ ሁለት የተሳሳቱ ኖታዎች ያገኘችና ልታርምላችሁ ፈቃደኛ የሆነች፣ በፍጹም አክብሮት፣

ማርሊስ ኩልማን

ከፊርማ በኋላ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው እሑድ ሆነ። ለሙከራ የተከፈተው አዲሱ መሣሪያ ገና በመጀመሪያው መዝሙር ሁለተኛ አንጓ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቄሱ ለመሣሪያው መድን ደወሉ፤ እሑድ ቀን፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ባለሙያ መለዋወጫ ይዞ ደረሰ። ፋክስ የጠየቀ የለም፤ ርካሹን ዕቃ አስገብተን ሁለተኛ እስኪቆም እንጠብቅ ያለም የለም። የመሣሪያውን መድን ድርጅት ስም ጠይቄ ይዣለሁ፤ ሰውም ይቀበሉ እንደሆን ነገ እደውላለሁ።