ሳላይ የሞላሁት ዝርዝር

ጥር 6
ዛሬም ዝርዝር። አሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮቻችን ተያይዘው አንድ ትልቅ ስሌት ይካፈላሉ። አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ላይብረሪ ፋይል፣ ማለትም የስሌት ኮድ፣ ከያዘ ውጤቱ ይበላሻል። ስለዚህ አለቃዬ ዶክተር ሳህሉ እያንዳንዱ ፋይል ከየትኛው የፕሮግራም ጥቅል (ፓኬጅ) እንደመጣ፣ ከነቨርዥኑ መዝግቢ አሉኝ። አሥሩን አየሁ። ሁለቱ አልነሳ አሉ... "ያው ነው" ብዬ ሞላሁ። ማን ያያል?

ጥር 10
ሁለቱ ማሽኖች በማግስቱ ተነስተው ስሌቱ ተሠራ፤ የተመራማሪዋ የሂሩት ካርታ ወጣ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ የት እንዳለ የሚያሳይ። ሀቢቾ ቀበሌ ንጹሕ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ ችግኝ ተጭኖ ለሆመቾ ገበሬዎች ይታደላል። ሂሩት ምሳ ጋበዘችን። ያላየኋቸው ሁለቱ ማሽኖች ትዝ አሉኝ።

ጥር 12
ሁለቱን ማሽኖች ከፍቼ አየሁ። የፋይሉ ስም አንድ ነው። ፓኬጁ ግን ሌላ፣ ያውም የድሮ። የሀቢቾን ድርሻ ማን አሰላው? ፈለግሁ... እነዚሁ ሁለቱ።

ጥር 13
አልተናገርኩም። ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል። ልዩነቱ ኢምንት ቢሆንስ? ሆመቾ የምታስተምረው እህቴ ሰሎሜ ጋ ደወልኩ። ምክንያቱን ሳልነግራት ስለ ችግኙ ጠየቅኳት። ሰዉ ጉድጓዱን ቆፍሮ እየጠበቀ ነው አለችኝ።

ጥር 14
ለሂሩት ነገርኳት። ዝርዝሩን ከፍታ ተመለከተች።
"ሳታዪ ነው የጻፍሽው?"
"አዎ... ሳላይ።"
ለዶክተር ሳህሉ ደወለች፤ ችግኝ የሚጭኑት መኪኖች ይቁሙ አለች። ስሜን አላነሳችም። ስልኩን ተቀብዬ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። በጽሑፍ አምጪ ብቻ አሉኝ።

ጥር 17
የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ፈረምኩ። ትክክለኛውን ፓኬጅ ጭኜ ስሌቱ እንደገና ተጀመረ። ሂሩት ከሥራ ውጪ አታናግረኝም።

ጥር 21
በአዲሱ ካርታ ላይ ሀቢቾ ቀይ ሆነ፤ በሽታው አለ።

ጥር 25
ከሂሩት ጋር ሀቢቾ ሄድን። ችግኝ ሊሰጡ ከነበሩት አንዱ፣ አቶ ሽብሩ፣ ካርታውን አይተው አላመኑም። ጓሯቸው አረንጓዴ ነው፤ እኔም ተጠራጠርኩ። አንዱን ግንድ ቆረጡ። ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። ይህን በሽታ በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው...
ማን ደረሰበት ብለው ጠየቁ። ሂሩት ወደ እኔ አመለከተች።
"መጀመሪያ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ" አልኳቸው።
 በሽታው እንዳይተላለፍ ቢላውን እሳት ላይ አግለው ወደሚቀጥለው ግንድ ሄዱ። ትንሽ ቆይተው፣ "የታመሙትን ቁጠሪልኝ፣ ልጄ" አሉ።
አርባ ሦስት ናቸው። እያንዳንዱን ጎንበስ ብዬ እያየሁ ቆጠርኩ።