በአላስካ በረዶ ሥር የተራብንበት ቀን

ለእህቴ ለኡምሰልማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለሜ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም እያጉረመረምሽ ነው የምትወጪው? የደሴ ክረምት እንዴት ይዟችኋል? ልጆቹስ ፈተናቸውን አለፉ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የዚህ አገር ሙቀት ብቻ እንደ ቂጣ እያገላበጠ ይጠብሰናል።

አንቺ ያጋባሽኝ ጁወይሪያ ከመጣች አራት ወር ሆናት፤ ሻንጣዋን ግን አልፈታችም ነበር። ልብሷን ከዚያው አውጥታ ትለብሳለች፣ አጥባ እዚያው ትመልሳለች። እኔም አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሁለት ፈረቃ በአውቶቡስ መንገደኛ ሳመላልስ ውዬ ስገባ ለወሬ አልመችም። ባለፈው ደውለሽ፣ ልጅቷ ልመለስ እያለች ነው፣ ወይ አጫውታት ወይ አሳፍረህ መልሳት ስትይኝ ክው አልኩ።

መሥሪያ ቤቴ አየር መንገድ ስለሆነ ሠራተኛውንና ቤተሰቡን ክፍት ወንበር ሲገኝ በነጻ ያሳፍራል። እናም ቢያንስ ከሙቀቱ ላውጣት ብዬ አላስካ ወሰድኳት። ዴል የሚባል ሽማግሌ አስጎብኚ ለሁለታችን ብቻ መኪና ይዞ ጠበቀን። ሹፌር ተሳፋሪ ሲሆን አያድርስ ነው፤ በየኩርባው የሌለ ፍሬን ስረግጥ ዋልኩ። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው በኩል በረዶ የለበሰ ተራራ። ጁወይሪያ ጋቢዬን ተከናንባ በመስኮት ታያለች።

በምሳ ሰዓት ዴል ባሕሩ ዳር አቆመና ሚስቱ የጠበሰችውን ዓሣ ከሳጥን አውጥቶ ብሉ አለን። ከጠዋት ጀምሮ ከሻይ በቀር የቀመስነው የለም። እኔ እንደ ወጉ በልተናል አልኩ፤ ጁወይሪያም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች። በሞቴ እስኪለን ስንጠብቅ ሰውዬው "ኦኬ" ብሎ ብቻውን በላና ሳጥኑን ከደነው። እታለሜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልደገመልንም!

ከዚያ በኋላ ስላየሁት አትጠይቂኝ። የበረዶው ግግር ሰማያዊ ነው፤ እየተገመሰ ባሕሩ ውስጥ ሲወድቅ እንደ መድፍ ይጮኻል። እኔ ግን የማስበው ስለ ሳጥኑ ነበር። ዞር ስል ጁወይሪያ የለችም። ብፈልጋት ከመኪናው ጀርባ ቁጢጥ ብላ፣ ጉንጯ ተወጥሮ አገኘኋት። አንቺ የቋጠርሽላትን ዳቦ ቆሎ ይዛ ኖሯል! ተያየንና በሳቅ ፈነዳች። ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አንተ በልተናል ስላልክ እኮ ነው እንቢ ያልኩት አለችኝ።

ያን ጊዜ አፈርኩ። ለካ እኔም በየቀኑ ደህና ነሽ ብዬ እጠይቃታለሁ፤ ደህና ነኝ ስትለኝ እንደ ዴል "ኦኬ" ብዬ እተኛለሁ። እዚያው ጎኗ ተቀምጬ ደግሜ ጠየቅኋት። ሦስተኛው ላይ አለቀሰች፤ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እያየች እንደምትውል ነገረችኝ።

ዴል ሊጠራን ሲመጣ ዳቦ ቆሎ ዘረጋችለት። አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም አለ። እሷ መች ለቀቀችው! በአማርኛ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያለች አፉ ውስጥ ከተተችበት። ሲቆረጥመው ጥርሱ የወለቀ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ሳስረዳው ግን ስቆ ሳጥኑን ከፈተ፤ እኛም ብሉ እስክንባል አልጠበቅንም።

ባለቤትሽን ዓብዱልወሃብን፣ ልጆቹን ኢክላስንና ጦልሃን በያሉበት ሰላም በይልኝ። እሑድ እሑድ አልሠራም ብያለሁ። ጁወይሪያ ጉልበትሽን ስማ፣ ሰው ሲመጣ ዳቦ ቆሎ እንድትልኪ ለምናለች። የሻንጣውን ነገር አታስቢ፤ ቁም ሳጥኑን ጠቅልላ ስለያዘችው አሁን ሻንጣው ውስጥ ያሉት የእኔ ሸሚዞች ናቸው።

ወንድምሽ ዩኑስ
አርሊንግተን፣ ቴክሳስ
ሐምሌ 20 ቀን 2000 ዓ.ም.